አስታ በር ላይ የቆመው ሰው

ከፋለ ወልደ ሰንበት ከአባቱ የወረሰው ነገር ቢኖር ድምፅ ነው። መሬቷ ጥማድ በሬ እንኳ እንደ ልብ የምታዞር አልነበረችም። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ግን ላሊበላ ላይ ዜማ ሲያወጡ ከገደሉ ማዶ ያለ ሰው ቆሞ ያዳምጣቸው ነበር ይባላል። ልጃቸው ቅኔውን ተምሮ፣ ዜማውን ከእኩሌታ አድርሶ፣ የድቁና ቀሚሱን አውልቆ ወደ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲወርድ አንጀታቸው ቆሰለ። ለመቅደስ የተፈጠረ ጉሮሮ የሙግት መሣሪያ ሆነ ብለው እስኪሞቱ ድረስ ፊት ነሱት። ከፋለ ግን ነገሬም አላለውም። ነገረ ፈጅ በሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከኩልመስክ እስከ ኮን የርስት ክርክር ያለበት ሰው ሁሉ በቅሎውን ጭኖ እሱን ፍለጋ ይመጣ ጀመር።

እውነት ለመናገር ጎበዝ ነገረ ፈጅ ነበር። ጋቢውን አደግድጎ፣ ትከሻውን ገልጦ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አስሮ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ ተከራካሪው ገና ነገሩ ሳይጀመር ላብ ላብ ይለው ነበር። ለድሃም ይቆማል፣ ለባለጠጋም ይቆማል። ለድሃ ሲቆም ግን ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክሩለታል። ሚስቱ ባንችይርጋ ባሏ ለከፋይና ለማይከፍል አንድ ዓይነት ምላስ እንዳለው ስታማ፣ በሆዷ ግን ትኮራበት ነበር።

በዚያ አገር ሰው ሲደባደብ ወይም ሊያመልጥ ሲሮጥ «በሕግ አምላክ ቁም» ከተባለ ይቆማል። ገመድ አያስፈልግም፣ ዘበኛም አያስፈልግም። የቆመውንም ሰው ማንም በክፉ አይነካውም፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ የሕግ ነውና። ያቆመው ሰው ወይ ይዞት ወደ ዳኛ ይሄዳል፣ ወይ «ሂድ፣ ለቅቄሃለሁ» ይለዋል። ካቆመው ሰው በቀር የሚለቀው የለም። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ላስታ ላይ ግን በዚህ ቃል ብቻ ስንት ደም ሳይፈስ ቀርቷል።

አረጋ የሚባለውን ገበሬ ከፋለ ያወቀው በዚሁ ቃል ነው። አረጋ ከላሊበላ በላይ፣ ወደ ኩልመስክ የሚያሻግረው አስታ በር የሚሉት አፋፍ ሥር የሚኖር፣ ዝምተኛ፣ እግረ ረጅም ሰው ነበር። ታፈረ የተባለ ባላባት ዘመዱ መሬቱን ሊነጥቀው ይከሰው ነበርና አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል አግኝቶ በሕግ አምላክ ቁም አለው። አረጋ ቆመ። ታፈረ ምስክር ሊጠራ ብሎ ጠላ ቤት ገባ፤ በዚያው ቀረ። ገበያው ተበተነ፣ ነጋዴው አህያውን ጭኖ ሄደ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ አረጋ ባዶው ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። ከፋለ ሲያልፍ አየውና ምን እየጠበቀ እንደሆነ ጠየቀው።

«ያቆመኝ ሰውዬ አልለቀቀኝም፣ ጌታዬ» አለው አረጋ።

ከፋለ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ጠላ ቤት ገብቶ ታፈረን በክንዱ ጎትቶ አወጣና ሰውየውን አስለቀቀው። በማግስቱም ጉዳዩን በነፃ ያዘለት፤ መሬቱንም አስጠበቀለት። የአረጋ ሚስት ይማርሽ አንድ ቅል ማር ይዛ መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከፋለ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ባዶ ገበያ ላይ ስለተገተረው ገበሬ እያወራ ያስቅ ነበር።

ከዚያ አብዮት መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ በዚያው ዓመት የመሬት አዋጅ ታወጀ፣ የርስት ክርክር የሚባል ነገር በአንድ ቀን ከምድር ጠፋ። ነገረ ፈጅ ያለ ርስት ክርክር ምን ይበላል? ከፋለ ቤቱ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከረመ። ኋላ ላይ አዋጁን ለገበሬው የሚያነብ ሰው ሲፈለግ የእሱ ስም ተነሣ። ሜዳ ላይ ወጥቶ ሲያነብ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ፤ ገበሬው መሬቱ የእርሱ መሆኑን በከፋለ አንደበት ሰምቶ እልል አለ። አረጋም በመካከላቸው ነበረ። ከፋለ በዚያ ቀን ከልቡ አለቀሰ፤ ያን ቀን የማንም ደስታ የውሸት አልነበረም።

ከማንበብ ወደ ማስረዳት፣ ከማስረዳት ወደ መምራት ያለው መንገድ አጭር ነው። ከፋለ የገበሬ ማኅበር አደራጀ፣ ቀጥሎ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ወንበር ተሰጠው፣ ጋቢው ቀርቶ ካኪ ለበሰ። አቶ ከፋለ ጓድ ከፋለ ተባለ። ሹመት ይወድ እንደሆነ ራሱም አያውቅም ነበር፤ ሲሰጡት ግን እጁን አልሰበሰበም። ባንችይርጋ ካኪውን ባጠበች ቁጥር ይህ ጨርቅ ሳሙና አይዘልቀውም እያለች ታጉረመርም ነበር።

ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን፣ ምናለ የሚባል ካድሬ ከላይ ተልኮ መጣ። ወጣት ነው፣ ቁጡ ነው፣ ቶሎ ይደክመዋል። ጫካ ለገቡት ሰዎች ስንቅ ያቀበሉ ገበሬዎች አሉ ተባለና ከፋለን ይዞ፣ ሚሊሺያ አስከትሎ አስታ በር ሥር ያለውን ሕዝብ ሰበሰበ። ሰዓቱ ቀትር ነበር። የአረጋ ስም ሲጠራ፣ አረጋ ከስብሰባው ጠርዝ ተነሥቶ ሽቅብ ሮጠ። እግረ ረጅም ነው አላልኩም? ሚሊሺያዎቹ ገና ከግርጌው ሲያለከልኩ እሱ ከላይ፣ ከሩቅ የቆመ ሰው የሚመስሉት የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ መሐል ደርሷል። ጥቂት ቢራመድ አፋፉን ይሻገራል፤ ከተሻገረ ደግሞ የሚያገኘው የለም።

ምናለ ወደ ከፋለ ዞረ። ምንም አላዘዘውም፤ ብቻ አየው። የሚሮጠው ሰውዬ የከፋለ ወዳጅ እንደነበረ ሰምቷል። ከፋለ በዚያች ቅጽበት የቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቅ ነበር፤ አላወቀም ብሎ ለማስተባበል መሞከር ከንቱ ነው። ፈራ። ለራሱ ፈራ፣ ለወንበሩም ፈራ። አፉን ከፈተና የአባቱን ድምፅ አወጣ።

«አረጋ፣ በሕግ አምላክ ቁም!»

ድምፁ ተራራውን መታ፣ ከማዶም ተመለሰ። አረጋ ቆመ። ሰማይ ጥግ ላይ፣ በሁለት ጅብራዎች መካከል ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ ዞረ፤ ድምፁን ለየው። ከትከሻው ላይ ጋቢውን አወረደ፣ ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው አደገደገ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ጠበቀ። መሮጥ ያቃታቸው ሚሊሺያዎች እየተነፈሱ ደረሱ፤ ዒላማቸው አልተነቃነቀም። የጥይቱ ድምፅ ከከፋለ ድምፅ ያነሰ ነበር።

ሬሳውን ዘመዶቹ አንሥተው ቀበሩት። በዚያ ዘመን ለዚያም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ከፋለ ፈቃዱን ሰጥቷል። ደግ እንዳደረገ ተሰምቶት ነበር።

ከአርባው በኋላ ይማርሽ ቢሮው መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን ደርቋል። ወቀሳ ይዛ የመጣች መስሎት መልሱን አዘጋጅቶ ጠበቃት። እሷ ግን እንደ ድሮው አቀርቅራ እጅ ነሳችው።

«ጌታዬ፣ ሬሳውን ቀብረነዋል» አለችው። «እሱ ግን ቤቱ አልገባም። አስታ በር ላይ ቆሟል። ያቆሙት እርስዎ ነዎት፤ መጥተው ይልቀቁልኝ።»

ከፋለ የጎረቤቱን ቢሮ ግድግዳ አየ። ግድግዳው ስስ ነበር፤ ከወዲያ ደግሞ ምናለ ተቀምጧል። አንድ የአውራጃ ሹም ተራራ ወጥቶ ለሞተ ፀረ አብዮተኛ ለቅቄሃለሁ ቢል ምን ይባላል? ሰውየው በሕግ ስም ቆሞ ያለ ሕግ ተገደለ ማለት አይደለም? ጮክ ብሎ፣ ግድግዳው እንዲሰማው አድርጎ፣ አጉል እምነት በአብዮቱ መወገዙን ነገራት። ይማርሽ እስኪጨርስ ሰማችው። ስትወጣም ጊዜ ሲያገኙ ይምጡ፣ እኛ እንጠብቃለን አለች። እኛ ያለችው ማንና ማንን እንደሆነ የገባው ከሄደች በኋላ ነው።

ወሬው ከእሷ ብቻ አልመጣም። አስታ በርን የሚሻገር በቅሎ አንድ ቦታ ሲደርስ ጆሮውን ቀስሮ ይቆም ጀመር። ከኩልመስክ የሚመጡ ነጋዴዎች በጉም ውስጥ ጅብራ መስሏቸው ያለፉት ነገር እንዳደገደገ ኋላ ትዝ እያላቸው ይደነግጡ ነበር። ክፉ አያደርግም፤ ይህን ሁሉም ይናገራል። መንገድ አይዘጋም፣ አያስፈራራም፣ ብቻ ቁልቁል ወደ ላሊበላ እያየ ይጠብቃል። መንገደኛው ውሎ አድሮ ለመደው፤ ሲያልፍም እግዜር ያስፈታህ ብሎ ባርኔጣውን ያነሣለታል።

ከፋለ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። በሹመቱ የተሰጠው አዲስ ቤት መስኮት ወደዚያው አፋፍ ያያል፤ ሰማዩ ሲጠራ ጠርዙ ላይ ጅብራዎቹ እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ወጣ ብሎ ይታየው ነበር። ባንችይርጋ አንድ ቀን ሳትነግረው መስኮቱን በቁም ሣጥን ጋረደችው።

ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የሆነው ነው። ሁለት ወንድማማቾች በውኃ ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። አንድ ሽማግሌ ሊያስቆሙ እጃቸውን አነሡ፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ሳለ ከፋለን አዩትና መልሰው ዋጡት። ከፋለ ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ በሕግ አምላክ አለ። ወንድማማቾቹ ዘወር ብለው አዩት። ከዚያ መደባደባቸውን ቀጠሉ። የታናሽየው ራስ ሲፈነከት ከፋለ በቅርቡ ቆሞ ያያል፤ ገበያተኛው ግን የሚያየው ደም የሚፈሰውን ልጅ ሳይሆን ከፋለን ነበር። ቃሉ ላስታ ላይ ሞቷል፤ የገደለውንም ሁሉም ያውቀዋል።

ሹመቱ ግን አደገ። ምናለ ወደ ደሴ ተዛወረ፣ ከፋለ የአውራጃው አስተዳዳሪ ሆነ። ድርቁ ሲመጣ እህል አከፋፈለ፤ በዚህ አይታማም፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው የሠራው። ፓርቲ ሲመሠረት አባል ሆነ፣ ሸንጎ ሲቋቋም ተመራጭ ሆኖ ለስብሰባ አዲስ አበባ ይመላለስ ጀመር። ድምፁ ግን ከዚያች የገበያ ቀን ወዲህ እየሰለለ ሄዶ ሹክሹክታ መሰለ። ድምፁ ገደል ይሻገር የነበረ ሰው ማይክራፎን ካልያዘ ከፊቱ ላለው እንኳ አይሰማም ሆነ። ሐኪሞች ጉሮሮውን አይተው ምንም የለም አሉት። ለእሱ ግን ድምፁ የት እንዳለ ግልጽ ነበር፤ አንዳንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከአፋፉ በኩል ሩቅ ሆኖ ይሰማው ነበርና። «በሕግ አምላክ» ይላል፣ የቀረውን ነፋስ ይወስደዋል። የገዛ ድምፁ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ ይመጣ ነበር።

አንድ ጊዜ ሊሄድ ሞክሯል። የልማት ጉብኝት አስመስሎ፣ አጃቢ አስከትሎ በበቅሎ ወጣ። የይማርሽ ደጃፍ ሲደርስ እሷ ከቤት ወጥታ ከኋላው ተከተለች። የቤቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ መዝጊያው ሥር ሣር በቅሏል። አረጋ አፋፉ ላይ ከቆመባት ቀን ወዲህ ዘግታው አታውቅም። ከፋለ ወደ ላይ አየ፣ ወደ አጃቢዎቹ አየ። በማግስቱ ይህን ለበላይ የሚጽፍ ከመካከላቸው አይጠፋም። በቅሎዋ አነከሰች አለና ተመለሰ። በቅሎዋ ደህና ነበረች፤ ይማርሽም አይታዋለች።

መንግሥቱ ሲናጋ ደግሞ ለወሬ ጊዜ አልነበረም። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ አማፅያኑ መንገዱን ቆርጠው ላሊበላን ከበቡ። ባንችይርጋን አስቀድሞ ወልድያ ልኳታል። እሱ ካኪውን አውልቆ፣ የድሮውን የነገረ ፈጅነት ጋቢ ከሣጥን ሥር አውጥቶ ለበሰና ከሁለት አጃቢዎች ጋር በእግር ወጣ። ያልተያዘው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በአስታ በር ነው።

ቀትር ላይ ጉም ወረደ። አጃቢዎቹ ፊት ፊት ይሄዳሉ፣ እሱ የነሱን ጥላ ይከተላል። ጅብራዎቹ ከግራና ከቀኝ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ያልፉታል። አፋፉ ጫፍ ጥቂት ሲቀረው ከኋላው፣ ከቅርብ፣ ያ ሁሉ ዓመት ሲጠጋ የኖረው የገዛ ድምፁ ደረሰ። ጎልማሳ ነው፣ ሙሉ ነው፣ መሪጌታን ይመስላል።

«ከፋለ፣ በሕግ አምላክ ቁም!»

ቆመ። እግሩ የእሱ አልነበረም። አጃቢዎቹ ምንም አልሰሙም፤ ተመልሰው እጁን ጎተቱት፣ ለመኑት፣ ተሳደቡ። ከታች ተኩስ ሲሰማ ትተውት ሄዱ። የእግራቸው ድምፅ ከአፋፉ ወዲያ ጠፋ።

ከፋለ ቀና ሲል ከፊቱ ያለው ጅብራ ጅብራ እንዳልነበረ አየ። ያደገደገ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሯል። ፊቱን ጉሙ ሸፍኖታል፣ ግን የሚያስፈራ ነገር አልነበረበትም፤ ባዶ ገበያ ላይ ያገኘው ያው ታጋሽ ሰው ነበር። ከፋለ ያን ቀን መሳቁን አስታወሰና እንባው መጣ። አሁን የሚሰማ ሹም የለም፣ ስስ ግድግዳም የለም፤ የሚያጣው ወንበርም አልቀረውም። ይህን ለማድረግ ይህ ሁሉ እስኪፈርስ መጠበቁ አሳፈረው።

«አረጋ» አለ። ድምፁ ከጉሮሮው ሙሉውን ወጣ። «ያቆምኩህ እኔ ነኝ። ሕግ ብዬ አቁሜ ያለ ሕግ ሰጠሁህ። ሂድ፣ ለቅቄሃለሁ።»

ማዶው ቃሉን መለሰው። ጉሙ ተነቃነቀ። ያ ፊቱ የነበረው ነገር እጁን ፈታ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ፣ በአጠገቡ አልፎ ቁልቁል ወረደ። ጠጠር ሲንከባለል ሰማ። ከታች መንደር ውስጥ አንድ ውሻ ጮኸ፤ ወዲያው የሚያውቀውን ሰው እንዳየ ሁሉ ዝም አለ። ቀጥሎ የበር መዝጊያ ሲገጥም ተሰማ።

ከፋለ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰና ሊራመድ ሞከረ። አልተራመደም። እግሮቹ መሬቱን እንደያዙ ነበሩ።

ተኩሱ ሲበርድ ይማርሽ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጣች። ድምፁን ሰምታ ነው። አረጋ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ አየች፣ ተንበርክካ አፈሩን ዳሰሰች፣ ያን ሁሉ ዘመን የደረቀ ዓይኗ ያን ጊዜ ፈሰሰ። እግዜር ይስጥልኝ አለችው፤ ከልቧ ነው። ልትመለስ ስትነሣ ከፋለ ጠራት። አማፅያኑ ወደ አፋፉ ሲወጡ ድምፃቸው ይሰማል።

«ይማርሽ፣ እባክሽ» አላት። «ልቀቂኝ።»

ይማርሽ ላይ ታች አየችው፤ በደንብ፣ ሳትቸኩል። በዓይኗ ውስጥ ቂም አልነበረም። እዚያ ቂም ቢያይ ይሻለው ነበር።

«ያቆምኩዎ እኔ አይደለሁም፣ ጌታዬ» አለችው።

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ወረደች። ከፋለ እሷ ጉሙ ውስጥ እስክትጠፋ አያት። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ አደገደገ፣ እጁንም ደረቱ ላይ አጣምሮ ወደ መንገዱ እያየ ቆመ።